በወረርሽኝ ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ቴአትር እንዴት ይዘጋጃል?

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። የድራማ ክበባችን ሥራውን ሊያሳይ ሁለት ሳምንት ነበር የቀረው። ልብሱ ተዘጋጅቷል፣ ቃሉ ተጠንቷል። ሁሉም እንዳለ ቀረ።

ልጆቹን እንደገና ግቢ ውስጥ ያገኘኋቸው በ2013 ዓ.ም. ትምህርት በፈረቃ ሲጀመር ነው። ማስክ አድርገዋል። ቁመታቸው ጨምሯል። አንዷ ከሩቅ ቆማ «ቲቸር፣ ድራማችን እንዴት ሆነ?» አለችኝ። ሰላም እንኳን ሳትለኝ። ወራት ሙሉ ቤት ተቀምጣ ያብሰለሰለችው ነገር ይኼ እንደነበር ገባኝ።

ያን ዓመት ቴአትር ሠራን። ከዚህ በታች ያለው እንዴት እንደሠራን፣ የት እንደተሳሳትንና ዛሬ ብንደግመው ምን እንደምናደርግ ነው። ኮሮና ጋብ ቢልም በትንፋሽ የሚተላለፍ በሽታ ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም። ያን ጊዜ ክበቡን ዘግታችሁ ከመቀመጣችሁ በፊት ይህን አንብቡ።

1. ፈቃዱንና ማቆሚያውን አንድ ላይ ጨርሱ

ጽሑፍ ከመምረጣችሁ በፊት ርዕሰ መምህሩን፣ የወላጅ መምህር ኅብረቱንና የአካባቢያችሁን ጤና ጣቢያ አነጋግሩ። በጊዜው ያለው መመሪያ መሰብሰብን ከከለከለ ነገሩ አበቃ፤ በሬዲዮ ድራማ መልክ ሥሩት። ከተፈቀደ ደግሞ የምታቆሙበትን መስመር ያኔውኑ በወረቀት አስፍሩ። «ከቡድኑ አንድ ሰው ከታመመ ልምምድ ይቆማል። ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ትዕይንቱ ይተላለፋል።» ቀኑ ሲደርስና ልብ ሲንጠለጠል «እስቲ ትንሽ እንጠብቅ» የሚል ሰው አይጠፋም። ወረቀቱ ያን ጊዜ ያግዛችኋል።

ለወላጅ የሚሄደው ደብዳቤ አጭር ይሁን። ልምምዱ የትና መቼ እንደሆነ፣ ስንት ልጆች እንደሚገናኙ፣ ማን እንደሚቆጣጠር ይግለጽ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጨምሩበት፦ ቤት ውስጥ በዕድሜ የገፋ ወይም ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት ሰው አለ ወይ? አለ ያለውን ልጅ ከክበቡ አታስወጡት። ከቤት የሚሠራ ሥራ ስጡት። እኛ ዘንድ ከአያቷ ጋር የምትኖር ተማሪ ነበረች። የተራኪነቱን ቦታ ወሰደች፤ ድምጿን ቤቷ ቀርጻ ላከችልን። የሕዝቡን ጆሮ የያዘችው እሷ ነች።

2. ጠላታችሁ የት እንዳለ እወቁ

እኛ መጀመሪያ ላይ ጉልበታችንን ሁሉ የጨረስነው ወንበር በማጽዳት ነው። በረኪና እየበጠበጥን የመድረኩን ቁሳቁስ ስንወለውል እንውል ነበር። እጅ መታጠብ ተገቢ ነው፣ አልቃወምም። ነገር ግን ቴአትር ውስጥ ዋናው አደጋ ድምፅና ትንፋሽ ነው። ሰው ጮክ ብሎ ሲናገርና ሲዘፍን በቀስታ ከሚያወራ ሰው የበለጠ ረቂቅ ጠብታ ያወጣል። የተዘጋ ክፍል ውስጥ ያ ጠብታ አየር ላይ ይቆያል።

ምሳሌው ከወደ አሜሪካ ነው። በዋሽንግተን ግዛት፣ ስካጂት በሚባል አውራጃ፣ መጋቢት 1 ቀን 2012 ዓ.ም. 61 ሰዎች ለመዘምራን ልምምድ ተሰበሰቡ። አንደኛው የሕመም ምልክት ነበረበት። ልምምዱ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። በኋላ ሲቆጠር 53ቱ ታማሚ ሆነው ተገኙ፣ ከእነሱም ሁለት ሰዎች ሞቱ። የድራማ ልምምድ ከዚህ ብዙም አይለይም። ልጆች ተሰብስበው፣ በር ዘግተው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ረጅም ሰዓት ይቆያሉ።

ስለዚህ ገንዘባችሁም ጉልበታችሁም ውስን ከሆነ በዚህ ቅደም ተከተል አውሉት፦ መጀመሪያ ሜዳ ላይ መውጣት፣ ቀጥሎ የሰው ቁጥር መቀነስ፣ ከዚያ ሰዓት ማሳጠር፣ ማስክ፣ በመጨረሻ ማጽዳት። በግንባር ላይ የሚደገን የሙቀት መለኪያ አያዘናጋችሁ። ትኩሳት ሳይኖረው የሚያስተላልፍ ሰው ብዙ ነው።

3. ርቀቱን የሚሸከም ታሪክ ምረጡ

የያዝነው የድሮ ተውኔት 14 ሰው ነበረው፤ ሠርግም ነበረበት። ለማሳጠር ሞከርን። ሠርግ ያለ ጭፈራ፣ ጭፈራ ያለ መጠጋጋት አልሆን አለ። ሁለት ሳምንት ከደከምን በኋላ ተውነው። እናንተ አትድከሙ። ሰዎቹ ተራርቀው መቆማቸው ምክንያት ያለው አዲስ ታሪክ ጻፉ።

እኛ የኅዳር በሽታን መረጥን። ኅዳር 1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገብቶ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ፈጀ። ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ነበር። ዛሬም ኅዳር 12 ጠዋት በየደጁ ቆሻሻ ሲቃጠል፣ ኅዳር ሲታጠን የሚታሰበው ያ ዘመን ነው። ተማሪዎቹ ጭሱን ያውቁታል፤ ታሪኩን ግን ብዙዎቹ አያውቁትም ነበር። ቤት ሄደው አያቶቻቸውን በስልክ ጠየቁ። ጽሑፉ ከዚያ ወጣ።

ልክ ልክ አድርጉት። እኔ የምመክረው ይኼን ያህል ነው፦ መድረክ ላይ ባንድ ጊዜ ከሦስት ሰው አይበልጥ፣ በጠቅላላው ከስድስት ገጸ ባሕርይ አይበልጥ፣ ርዝመቱ ከ30 ደቂቃ አይበልጥ። ዕረፍት አይኑረው፤ ዕረፍት ላይ ሰው ይተራመሳል።

4. ንክኪውን በሌላ ነገር ተኩ

እዚህ ጋ ብዙ ቆይታ ያስፈልጋል። እኛ አገር ሰው ሲገናኝ ይሳሳማል፣ ትከሻ ለትከሻ ይገጫጫል፣ ሲለያይ ይተቃቀፋል። ያን ከመድረክ ላይ ዝም ብላችሁ ብታወጡት ተመልካቹ ጉድለቱን ያየዋል፤ «ኮሮና ስለሆነ ነው» ብሎ ከታሪኩ ይወጣል።

በኛ ተውኔት ውስጥ እናት ልጇን ወደ ገጠር የምትሸኝበት ትዕይንት ነበር። እናትን የምትሠራው ልጅ ሁለት ቀን ስትለማመድ ቆይታ «ቲቸር፣ ልጄን ሳላቅፈው ነው የምሸኘው? አይሆንልኝም» አለች። እውነቷን ነው፣ አይሆንም። ብዙ ነገር ሞከርን። በመጨረሻ ነጠላዋን አወለቀች። አንዱን ጫፍ ይዛ ሌላውን ወደ ልጁ ወረወረች። ልጁ ያዘው። ሁለቱም ሳይጠጋጉ ወደየራሳቸው ሳብ አደረጉት። ነጠላው ተወጠረ። ከዚያ እሷ ቀስ ብላ ለቀቀች። ልጁ ነጠላውን ጠቅልሎ ደረቱ ላይ ይዞ ወጣ። ሙሉ ነጠላ ሲዘረጋ ርቀቱ ሁለት ሜትር ያህል ነው። የጤና መመሪያውም፣ ታሪኩም አንድ ላይ ተሟሉ።

የእናንተ ትዕይንት ሌላ ይሆናል። መንገዱ ግን አንድ ነው፦ ሁለቱ ሰዎች የሚጋሩትን አንድ ዕቃ ፈልጉ። ገመድ፣ ዘንግ፣ ደብዳቤ መሬት ላይ አስቀምጦ ሌላው እንዲያነሣው መራቅ። የቡና ትዕይንት ካለ ሲኒው ባዶ ይሁን፣ ለእያንዳንዱ የራሱ ይቅረብለት፣ ማንም አይጠጣ።

ሁለት ነገር ግን አታድርጉ። አንደኛ፣ መድረክ ላይ አታስሉ። በመጀመሪያው ሙከራ ታማሚውን የሚሠራው ልጅ አሳምሮ ሳለ፤ ፊት የተቀመጡት ሁሉ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ሳሉን በከበሮ ምት ተካነው። አንድ ምት፣ ዝምታ፣ ሌላ ምት። ከሳሉ ይልቅ ያስፈራ ነበር። ሁለተኛ፣ ጭስ አታጭሱ። «ኅዳር ሲታጠን ነው» ብለን ቅጠል አቃጠልን። ነፋሱ ወደ ሕዝቡ አዞረውና ሁሉም ባንዴ ማሳል ጀመረ። ሰው በሽታ ፈርቶ በተቀመጠበት ቦታ ይህን ማድረጋችን ትልቅ ስሕተት ነበር። ከዚህ በላይ ደግሞ ሳኒታይዘር አልኮል ነው። እጁን ገና የቀባ ልጅ እሳት አጠገብ መቆም የለበትም።

5. ልምምድ

የመጀመሪያው ንባብ በቴሌግራም ግሩፕ በድምፅ ይሁን። ኢንተርኔት ለሌለው ልጅ ጽሑፉን በወረቀት አድርሱለት፤ በመደበኛ ስልክ ጥሪ ቃሉን አስነብቡት። የካርድ ገንዘብ ከክበቡ በጀት ይውጣ።

ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ሁለት ተዋናይ መድቡ። ሁለት ቡድን አድርጉና «ቀይ» እና «አረንጓዴ» በሏቸው። ቀይ ሰኞና ረቡዕ፣ አረንጓዴ ማክሰኞና ሐሙስ ይምጣ። ሁለቱ ቡድኖች በፍጹም አይገናኙ። አንዱ ቡድን ውስጥ ሕመም ቢገባ ሌላው ይሠራል። ትምህርቱ ራሱ በፈረቃ ከሆነ ቡድኑን በዚያው ፈረቃ መሠረት ክፈሉት።

ልምምድ ደጅ ይሁን። ዝናብ አስገድዶ ክፍል ከገባችሁ 30 ደቂቃ ሠርታችሁ ሁሉም ይውጣ፣ ክፍሉ ይናፈስ። መስኮት በሁለት ወገን ተከፍቶ ነፋስ ማለፍ አለበት። እዚህ ላይ ክርክር ይነሣል። «ብርድ ይመታናል» የሚል ልጅም አስተማሪም አለ። ጋቢ አልብሱት እንጂ መስኮቱን አትዝጉ።

አንድ ገመድ አዘጋጁ። በየሁለት ሜትሩ ቋጠሮ ይኑረው። ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ገመዱን መሬት ላይ ዘርጉና የእያንዳንዱን ተዋናይ ቦታ ለእግር ኳስ ሜዳ በሚያገለግል ኖራ ምልክት አድርጉበት። የተዋናዩ መንገድም በኖራ ይሰመር። በሳምንቱ ልጆቹ ሳያዩት ያውቁታል። «ራቅ በሉ፣ ራቅ በሉ» እያላችሁ ስትጮኹ ከመዋል ያድናችኋል።

ልብስ ከቤት ለብሰው ይምጡ። ኩልም ሆነ ሌላ መኳኳያ አይዋዋሱ። ሁሉም ስሙ የተጻፈበት የራሱ ፌስታል ይኑረው። የሚገባና የሚወጣ ሰው ስም፣ ስልክና ቀን በአንድ ደብተር ይመዝገብ። ይህን ደብተር ኃላፊነት ለሚሰማው ተማሪ ስጡ፤ ቆይቶ እመለስበታለሁ።

6. ድምፅ ከማስክ በስተጀርባ

ፊት ላይ የሚደረግ ግልጽ ፕላስቲክ ብቻውን አይበቃም፤ ትንፋሹ በታችና በጎን ይወጣል። ስለዚህ ተዋናዩ ማስክ ያደርጋል። ማስክ ደግሞ ሁለት ነገር ይወስድበታል፦ የፊቱን ግማሽና የቃሉን ጥራት። የፊቱን በትከሻ፣ በአንገትና በእጅ ይተካው። የቃሉን ግን ማሠልጠን ያስፈልጋል።

አማርኛችን የሚጠብቅና የሚላላ አለው። ተዋናይ ማስክ አድርጎ ሲፈጥን መጀመሪያ የሚጠፋው ይኼ ነው። በኛ ጽሑፍ ውስጥ መልእክተኛው ለእናትየዋ «ልጅሽ ገና ይመጣል» ይላታል። «ገና» ላልቶ ነው የሚነበበው፤ እስካሁን አልመጣም ለማለት። በልምምድ ጊዜ ኋላ ያስቀመጥነው ልጅ «ለገና በዓል ይመጣል ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀን። አጥብቆ ሰምቶታል። ሌላ ቦታ ላይ ደግሞ «አለ» የሚል ቃል ነበር። ከጠበቀ ሰውየው በሕይወት አለ፣ ከላላ ሰውየው ተናገረ። የወረርሽኝ ታሪክ ውስጥ ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም።

መፍትሔው እንዲህ ነው። አንድ ሰው 15 እርምጃ ርቆ ጀርባውን ለተዋናዩ ሰጥቶ ይቀመጥ። የሰማውን ቃል በቃል ይጻፍ። የጻፈውን ከጽሑፉ ጋር አስተያዩ። የተምታታ ቃል ካለ ሁለት ምርጫ አለ፦ ተዋናዩ ዝግ ብሎ አጥብቆ ይበለው፣ ወይም ጸሐፊው ቃሉን ይለውጠው። እኛ «ገና ይመጣል»ን «አልደረሰም፣ ይመጣል» አደረግነው። መጮኽ መፍትሔ አይደለም። መጮኽ ትንፋሽ ያበዛል፣ ቃሉንም አያጠራም።

ማይክ ከእጅ ወደ እጅ አይተላለፍ። ከሌላችሁ አትጨነቁ፣ ትንሽ ሕዝብ ነው።

የተቀረጸ ድምፅ ለምትጠቀሙ፦ ተማሪው ስልኩን ከአፉ አንድ ስንዝር ያርቅ። ጋቢ ተከናንቦ ይቅረጽ፤ ጋቢው የክፍሉን ማስተጋባት ይውጠዋል። ስልኩ ፍላይት ሞድ ላይ ይሁን። ሲልክ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት አድርጎ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላከው፤ የድምፅ መልእክት ጥራት ይቀንሳል። የሚኒ ሚዲያው ልጆች በቅደም ተከተል ገጣጥመው ያጫውቱታል። መብራት ይጠፋል ብላችሁ አስቡ። በባትሪ የሚሠራ ሞንታርቦ ተዋሱ፣ ካልተገኘ የተራኪው ቃል በወረቀት ተጽፎ ለአንድ ሰው ይሰጥ። ለኛ በሁለተኛው ዙር ላይ ጠፍቶ ነበር፤ ወረቀቱ አዳነን።

7. ቦታና ሰዓት

የሰልፍ ሜዳው ይበቃል። ከቀትር በኋላ የሕንፃ ጥላ ወደ ምሥራቅ ይወድቃል። ስለዚህ ከሕንፃው በስተምሥራቅ ያለውን ቦታ ያዙ። በ9 ሰዓት ጀምሩ፤ ሰው በብርሃን ቤቱ ይግባ። ለአዲስ አበባ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይመረጣል። ክረምት ላይ አትሞክሩት።

ድንኳንና ወንበር ከሰፈር እድር መዋስ ይቻላል። ግን ልብ በሉ፦ ዙሪያው የተጋረደ ድንኳን ክፍል ማለት ነው። ጣራው ብቻ ይወጠር፣ ጎኖቹ ይነሡ።

ከአንድ ቤት የመጡ ሰዎች አብረው ይቀመጡ። ከእነሱ ወደ ሌላው ቤተሰብ በገመዱ አንድ ቋጠሮ ተራራቁ። ሜዳችን 40 ሰው ያዘልን። ትዕይንቱን በሦስት የተለያየ ቀን አሳየን። አንድ ትልቅ ትርኢት ከማሳየት ሦስት ትንንሽ ማሳየት ይሻላል። ለተዋናዮቹም ጥሩ ነው፤ ሁለቱም ቡድኖች ይደርሳቸዋል።

8. የዕለቱ አሠራር

ትኬቱ ላይ ስም፣ ቀንና የመቀመጫ ቁጥር ይጻፍ። በር ላይ ገንዘብ አትሰብስቡ፣ ሰልፍ ይፈጥራል። መግቢያና መውጫ ይለያይ። ባለ ቧንቧ በርሜል ቀደም ብላችሁ ሙሉ፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጠዋት ላይ ቧንቧ ማመን አይቻልም።

ከመጀመሩ በፊት አንድ ተማሪ ወጥቶ ሦስት ነገር ይናገር። ማስክ አይወልቅም። ከቦታ አይነሡም። ደስ ሲላችሁ አጨብጭቡ እንጂ እልል አትበሉ። የመጨረሻው ለእናቶች ይከብዳል፣ አውቃለሁ። እልልታ ግን ከሙሉ ደረት የሚወጣ ትንፋሽ ነው። እኛ ነጠላ እንዲያውለበልቡ ጠየቅን። በእናትየዋ ትዕይንት መጨረሻ ላይ ሜዳው ሙሉ ነጭ ሆነ።

እውነተኛው አደጋ የሚመጣው ትዕይንቱ ሲያልቅ ነው። እስከዚያ ተጠንቅቆ የተቀመጠ ወላጅ ልጁን ለማቀፍ ይሮጣል፤ የጓደኛውንም ልጅ ይስማል፤ ፎቶ እንነሣ ይላል። ተዋናዮቹ እጅ ነሥተው በጓሮ በር ይውጡ። ተመልካቹ ከኋላ ረድፍ ጀምሮ ተራ በተራ ይሰናበት። ፎቶ የሚያነሣ አንድ ሰው መድቡ፤ ለወላጆች በቴሌግራም ይላክላቸው።

9. ሰው ቢታመም

ልምምዱ ያን ዕለት ይቆማል። የልጁን ስም ለማንም አትናገሩ፤ ልጆች ጨካኝ ሆነው ሳይሆን ፈርተው ያገልሉታል። ደብተሩን አውጡ። ከእሱ ጋር የተገናኙትን ቤተሰቦች ራሳችሁ ደውሉላቸው። ለጤና ጣቢያው አሳውቁ። በኮሮና ጊዜ 8335 እና 952 ነበሩ የሚደወልባቸው ነጻ መስመሮች፤ በእናንተ ጊዜ የሚሠራውን ቁጥር ደብተሩ ሽፋን ላይ ጻፉት። የታመመው ልጅ ቤቱ ሆኖ የቡድኑን ልምምድ ቪዲዮ ይላክለት፣ አስተያየት ይጠየቅ። ቦታው እንደሚጠብቀው ይወቅ።

10. ከመጨረሻው ትዕይንት በኋላ

ወንበሩን ጠራርጋችሁ ለእድሩ መልሱ። ሞንታርቦውን አስረክቡ። የኖራውን መስመር ዝናብ ያጥበዋል። ደብተሩ ግን አይጣል። ከመጨረሻው ቀን ጀምሮ 14 ቀን ይቀመጥ። በሰባተኛውና በ14ኛው ቀን ለተዋናዮቹና ለረዳቶቹ ቤት በሙሉ ደውሉ። «እንዴት ናችሁ? ያመመው ሰው አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ደብተሩን ይዛ የነበረችው ተማሪ በ14ኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የመጨረሻውን ስም ደውላ «ደህና ናቸው» ብላ ጻፈችና ደብተሩን ለኔ መለሰችልኝ።